የት ጋ ነው የሚያመው?

በእኛ ግቢ መታመም የግል ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው ጧት ካስነጠሰ ቁርሱን ሳይጨርስ ዝንጅብሉም፣ ማሩም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ዳማከሴውም ደጁ ይደርስለታል። የሚያመው የት ጋ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። መድኃኒቱ ይቀድማል፤ በሽታው ቀስ ተብሎ ይፈለግለታል። ባይገኝም አይከፋም፤ በሽተኛው የታዘዘለትን እስከዋጠ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ይህ ልማድ በሰው ላይ ሲሆን ለምጄዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት ግን ተራው የእትዬ አሰለፈች ቁልቋል ሆነ።

እትዬ አሰለፈች አከራያችን ናቸው። ቁልቋላቸው ከበሩ ገባ ሲሉ በስተቀኝ፣ ከሳሎናቸው ግድግዳ ሥር፣ በግማሽ በርሜል ውስጥ ቆሟል። ቅርንጫፍ የለውም፤ ሥራው ሽቅብ ማደግ ብቻ ነው። ከጫፍ እስከ ግርጌ ሸንተረር ይወርድበታል፤ በሸንተረሩ ጠርዝ ላይ እሾሁ በቡድን በቡድን ተሰክቷል። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የክንድ ቁመት ሳለ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የገዙት ነው፤ ዛሬ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። የሟች ማስታወሻ ስለሆነ በግቢው ውስጥ ካሉት ፍጥረታት ሁሉ ማዕረጉ ከፍ ያለ ነው። ተከራይ ኪራይ ቢያዘገይ ይወቀሳል። ቁልቋሉ የተከራይ ሸሚዝ ቢቀድ ጥፋተኛው ሸሚዙ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ አሰለፈች ቡና ሊያፈሉ ደጅ ተቀምጠው፣ ከሰሉን እያራገቡ ቀና ሲሉ ቢጫውን አዩት። ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ ወደ ግቢው በሚያየው ጎኑ፣ ሦስት ሸንተረር ያካለለ፣ መሐሉ ወደ ነጭ የሚሄድ ቢጫ። ማራገቢያውን ጥለው ተነሡ። የግቢው ሰውም ተነሣ።

ዘበኛችን ጋሽ ደምሴ ቀድመው ፈረዱ። “ዓይን ነው። በር ላይ የቆመ ነገር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ቀይ ክር ይታሰርለት።”

እማማ ብርቄ ደግሞ አልተስማሙም። “ምን ዓይን! ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ነው።”

“የወፍ በሽታ እኮ የጉበት ነው እማማ። ቁልቋል ጉበት የለውም” አለች ፋርማሲ የምትሠራው ትዕግሥት።

“ከፍተሽ አይተሻል?”

ትዕግሥት ከፍታ ስላላየች ዝም አለች። ዝምታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ አስፕሪን በውሃ ተበጥብጦ ሥሩ ላይ ቢፈስ ጥሩ ነው አለች። የእትዬ አሰለፈች የእህት ልጅ ሰለሞን ሕንፃ ተቋራጭ ጋ ስለሚሠራ ሁሉን ነገር ከግንባታ ነው የሚጀምረው፤ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳው ሲቀባ ኖራ በርሜሉ ውስጥ ሳይፈስ አልቀረም አለ። ከኋላ ቤት ያሉት ባልና ሚስት ለሁለት ተከፈሉ። እሱ ውሃ ጠምቶት ነው ሲል፣ እሷ ውሃ በዝቶበት ነው አለች፤ ነገሩ ከቁልቋሉ አልፎ ወደ ሌላ የቆየ ቅሬታ ሊሻገር ሲል ቡናው ደረሰ። ሁሉም ያለልዩነት የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር አተላው እንዳይደፋና ለበሽተኛው እንዲቀመጥ ነው።

እኔ እስከዚያ ድረስ ተመልካች ነበርኩ። በበረካው ላይ እትዬ አሰለፈች ወደ እኔ ዞሩ።

“አንተ! ማታ ማታ መብራት እያበራህ የምታነበው ለምን ሊሆን ነው? እስቲ ይህን እይልኝ።”

የመብራቱን ሂሳብ በዚህ መንገድ ለማካካስ እንደፈለጉ ገባኝ። “እሺ እትዬ፣ ግን እስክመረምረው ማንም ምንም እንዳያደርግለት” አልኳቸው። ይህ ልመና በግቢው ውስጥ ያስነሣብኝ ቅሬታ ቀላል አልነበረም። የኋላ ቤቱ ባል የውሃውን ጣሳ ከእጁ ሲያስቀምጥ ያየኝ ዓይን እስካሁን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካክተስ፣ ግቢያችን ቁልቋል የሚለው፣ ቅጠል የለውም፤ የሌላው ተክል ቅጠል የሚሠራውን ሥራ አረንጓዴው ግንዱ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሲከፋው የሚያረግፈው ነገር የለም፤ ያለው አማራጭ ቀለሙን መቀየር ነው። ቀለሙም አንድ ነው። ውሃ ሲበዛበት ቢጫ፣ ሲያንሰውም ቢጫ። ፀሐይ ስታቃጥለው ቢጫ፣ ስትነፍገውም ገርጥቶ ቢጫ። አፈሩ ሲራብ ቢጫ፣ ተባይ ሲመጠው ቢጫ። ስለዚህ “ቢጫ ነውና ይህ ነው” የሚል ሰው ሁሉ ትክክል የመሆን ዕድል አለው፤ እማማ ብርቄን ሳይጨምር። ለመለየት ሌላ ሌላ ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ከታች ነው የጀመረው ወይስ ከላይ? ሲነካ ይሰምጣል ወይስ ጠንካራ ነው? ዙሪያውን ነው ወይስ በአንድ ጎን?

ከግርጌው ጀመርኩ፤ ነፍስ የሚያጠፋው ከዚያ ነውና። ሥር እርጥብ አፈር ውስጥ ሲሰነብት አየር ያጣል፤ አየር ያጣ ሥር ለፈንገስ ይመቻል፤ ብስባሹ ከሥሩ ተነሥቶ በግንዱ ውስጥ ለውስጥ ይወጣል። ውጭው ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ሆኖ ሲታይ ውስጡ ብዙ ጊዜ አልቋል። ቁልቋል በውሃ ጥም ለመሞት ወራት ይፈልጋል፤ በውሃ ብዛት ለመሞት ግን አንድ ደግ ሰው ይበቃዋል። የሚገርመው ደግሞ በብስባሽ የተያዘው ካክተስ ይጨማደዳል። ሥሩ ስለጠፋ ውሃ መጠጣት አይችልም፤ የተጨማደደ ነገር ያየ ሁሉ ደግሞ ውሃ ይጨምርለታል። በተጨማሪ ውሃ ያለቁ የአዲስ አበባ ቁልቋሎች ቢቆጠሩ ድርቅ ከገደላቸው ሳይበልጡ አይቀርም፤ ይህ ግምቴ ነው፣ በቆርቆሮ ጣሳና በደግ ጎረቤት ላይ የተመሠረተ።

የማንኪያ እጀታ ይዤ በእሾሆቹ መካከል እየገባሁ ግርጌውን ተጫንኩት። አልሰመጠም። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩ፤ የበሰበሰ ነገር አይሸትም። ከመጥረጊያው አንድ እንጨት መዝዤ አፈሩ ውስጥ እስከሚገባ ድረስ ሰካሁና አወጣሁት፤ ደረቅ ወጣ፣ ጭቃ አልያዘም። ሟቹ የበርሜሉን ቂጥ በምስማር በስተው ስለነበር የክረምቱ ውሃ ወርዶ ሄዷል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ምስማርና መዶሻ ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል።

“ከታች ግን ቡናማ ሆኗል፤ እየው ተላልጧል” አሉኝ እትዬ አሰለፈች ጎንበስ ብለው።

“እሱ በሽታ አይደለም እትዬ፤ ደረቅና ጠንካራ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ግርጌው ቅርፊት ያወጣል። እርጅና ነው።”

“የማን እርጅና?”

“የቁልቋሉ።”

ለማንኛውም ቀና አሉ።

ብስባሽ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚደረግ ሰለሞን ጠየቀኝ፤ ሳላስብ ነገርኩት። በስለት ከብስባሹ በላይ ይቆረጣል። የተቆረጠው ፊት ይታያል፤ መሐሉ ላይ ያለው የቀለበት ቅርጽና ዙሪያው ንጹሕ እስኪሆን፣ አንዲት ቡናማ ነጥብ እስክትጠፋ ድረስ እየተሸረፈ ይሄዳል፤ በየቁረጡ መሐል ስለቱ በአልኮል ይጠረጋል። የተረፈው ከላይ ያለው ቁራጭ ጥላ ውስጥ ይጋደምና ቁስሉ እስኪጠግ ሳምንታት ይጠበቃል። ከዚያ ደረቅ ጠጠራማ አፈር ላይ ሲቆም ሥር ያወጣል። እትዬ አሰለፈች ከኋላዬ ሆነው ሲሰሙ ነበር። “አንገቱን?” አሉ፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ማንኪያውን እንጂ ቢላ በእጄ እንድይዝ አልፈቀዱልኝም።

ወደ ተባይ አለፍኩ። ሸረሪት መሰሏ ተባይ ከነጥብ ታንሳለች፤ አቧራ ያለበትን ደረቅ ቦታ ትወዳለች፤ የተክሉን ቆዳ እየወጋች ስትመጥ አረንጓዴው በደቃቅ ነጥብ ይገረጣል። ለማየት ነጭ ወረቀት ከሥር ይያዝና ተክሉ መታ መታ ይደረጋል፤ ወረቀቱ ላይ የወደቀው ነጥብ ከተራመደ ተባይ ነው፣ ካልተራመደ አቧራ ነው። በአቅራቢያዬ የተገኘው ነጭ ወረቀት የመብራት ሂሳቡ ጀርባ ነበር። መታሁ፤ ብዙ ነገር ወረደ፤ ማንም አልተራመደም። ከእኛ በር ፊት ለፊት መንገድ እየተቆፈረ ስለሆነ አቧራው አያስገርምም።

ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገርም ፈለግሁ። እሱ ክፉ ነው። ከሥሩ የተደበቀችው ነፍሳት ስትጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀይ ከወጣት ኮቺኒል ናት፤ የከንፈር ቀለምና የምግብ ቀለም የሚሠራባት። እኛ አገር በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ውስጥ ለቀለም ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ገብታ፣ ከታሰበላት ቦታ አምልጣ የገበሬውን በለስ ስትጨርስ ከርማለች። እዚያ በለስ የክረምት ምግብም፣ የከብት መኖም፣ አጥርም ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በአውስትራሊያ ደግሞ ታሪኩ የተገለበጠ ነው። እዚያ በለስ ራሱ ወራሪ ሆኖ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር ወርሶ ነበርና በፈረንጆች 1920ዎቹ ከአርጀንቲና የእሳት ራት መሰል ነፍሳት አምጥተው ለቀቁበት። ትሉ በለሱን በልቶ ጨረሰላቸው። የኩዊንስላንድ ገበሬዎች በ1936 ቡናርጋ በምትባል ቦታ ለነፍሳቱ መታሰቢያ አዳራሽ ሠሩ። ይህን ለእትዬ አሰለፈች አልነገርኳቸውም። ቁልቋል ለሚበላ ትል አዳራሽ የሚሠራ ሕዝብ አለ ቢባሉ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ለማንኛውም ጥጥ የሚባል ነገር አልተገኘም።

የሰለሞን ኖራ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ ይልቅ እሱን ከልቤ ነው የመረመርኩት፤ ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ሳይንስ የሚሸተው የሱ ነበር። ኖራ አፈሩ ውስጥ ከገባ ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው ወደማይችልበት ሁኔታ ይለወጣል፤ ብረት ያጣ ተክል ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያ ቢጫ የሚጀምረው ከአዲሱ እድገት ነው፤ በካክተስ ማለት ከጫፉ ላይ። መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ጫፉ ለምለም አረንጓዴ ነው፤ አዲስ የወጡት እሾሆች ገና ቀለማቸው አልደበዘዘም። የብረት እጥረት ደግሞ ጎን አይመርጥም፤ ዙሪያውን ነው የሚይዘው። የእኛ ቢጫ አንድ ጎን ላይ ብቻ ነው። ሰለሞን ከመሰላሉ ሥር ሆኖ “እርግጠኛ ነህ?” አለኝ፤ ንድፈ ሐሳቡ ሲፈርስበት እሱም ሰው ነው።

የቀረው ፀሐይ ነው። ምልክቱ ሁሉ የሱ ነው፦ አንድ ጎን፣ ጠንካራ፣ ድንበሩ የታወቀ፣ መሐሉ የነጣ፣ ፊቱም ወደ ደቡብ ምዕራብ፤ ማለትም የከሰዓት ፀሐይ በምትመታበት በኩል። ከመሰላሉ ወርጄ ፍርዴን ተናገርኩ።

“ፀሐይ አቃጥሎት ነው።”

ግቢው ሳቀ። ጋሽ ደምሴ እንኳ፣ ሲስቁ የማላውቃቸው፣ ሳቁ።

“ፀሐይ ዛሬ ነው የወጣው?” አሉ እትዬ አሰለፈች። “ይህ ቁልቋል ስንት ዘመን እዚሁ፣ እዚችው ቦታ፣ እዚሁ ፀሐይ ላይ ነው የቆመው። ያን ጊዜ ያላቃጠለው ዘንድሮ በምን ጠላው?”

ጥያቄው ትክክል ነው። ከዚያ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ሁሉ ምክክር ውስጥ አልተጠየቀም። መልስ ስላልነበረኝ መሰላሉን መመለስ አለብኝ ብዬ ሄድኩ፤ ከኋላዬ የአተላው ጀበና ተነሣ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ይልማ መጡ። ጋሽ ይልማ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ የሰፈሩ ግማሽ ሰው በሳቸው እጅ አልፏል፤ ቀሪው ግማሽ በሳቸው እጅ ወድቋል። ቁልቋሉን ከሩቅ አዩና ስለ ቢጫው ምንም ሳይሉ ሌላ ነገር ጠየቁ።

“ለመሆኑ ይህ የእኛ አገር ነው የአሜሪካ?”

ጥያቄያቸው ቀልድ አይደለም። በየገደሉና በየአጥሩ የምናየው የእኛ ቁልቋል ከካክተስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የቅንጭብ ዘመድ ነው። ካክተሶች ከአንድ ዝርያ በስተቀር ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው። የእኛው እዚህ፣ የነሱ እዚያ፣ ሳይተዋወቁ ለድርቅ ሲሉ አንድ ዓይነት ሸንተረርና አንድ ዓይነት እሾህ አወጡ። ለመለየት ቀላሉ መንገድ መውጋት ነው። የእኛው ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ የሚያደርሰውን ጉዳት እረኛ ያውቀዋል። ካክተስ ግን ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው ያለው። ጋሽ ይልማ ከኮታቸው ኪስ መርፌ ቁልፍ አወጡ።

“ኧረ በስመ አብ! በበሽታው ላይ ሊወጉት ነው?” እትዬ አሰለፈች ከፊታቸው ቆሙ። “ወተት የለውም። አውቀዋለሁ። ያ ናቲ ያኔ በምስማር የፈነቀለው ጊዜ ውሃ ነው የወጣው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።”

ናቲ የእማማ ብርቄ የልጅ ልጅ ነው። ፊደል የጀመረ ሰሞን ደብተሩ አልበቃው ብሎ ቁልቋሉ ላይ “ሀ”ን ቀርጾበታል። ተገርፎበታልም፤ ፊደሉ ግን አለ። ቁልቋል የተቀረጸበትን አይረሳም፤ ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ይሆንና ከነቅርጹ ይቀራል። ከበሩ የገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያንን “ሀ” ነበር፤ እትዬ አሰለፈችም ወደ በኋላ ላይ ሊኮሩበት ጀምረው ነበር።

“የት ጋ ነው?” አሉ ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። “እስቲ ልየው።”

ሁላችንም ወደ ቁልቋሉ አየን። “ሀ” የለም።

እትዬ አሰለፈች በእጃቸው ጠቆሙ፤ የጠቆሙት ቢጫው ላይ ነው። ጋሽ ደምሴ አማተቡ፤ ዓይን ነው ያሉት ሰውዬ የተቀረጸ ፊደል የሚያነሣ ዓይን ይመጣል ብለው አልጠበቁም። እኔ ግን በግድግዳውና በበርሜሉ መሐል ባለችው ክፍተት አንገቴን አሾለክሁ። “ሀ” ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

ቀስ ብዬ ወደ ሰለሞን ዞርኩ። ሌላውም ሰው ዞረ። ለእንቁጣጣሽ ግድግዳውን የቀቡት እሱ ያመጣቸው ልጆች ናቸው። ያን የሚያህል በርሜል ከነአፈሩ ማንሣት ስለማይቻል በጠርዙ አቁመው እያንከባለሉ አወጡት፤ ቀብተው ሲጨርሱ እያንከባለሉ መለሱት። ቦታው ያው ነው፤ የተመለሰው ግን ጀርባው ወደ ፊት ሆኖ ነው። ቢጫው ያለበት ጎን እስከ መስከረም ድረስ ግድግዳ ሲያይ የኖረ ጎን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነበር።

አሁን የእትዬ አሰለፈችን ጥያቄ መመለስ ተቻለ። ፀሐዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፊቱ ነው። ፀሐይ ላይ ያደገ ቆዳ ራሱን የሚከላከልበት ሰምና ቀለም አለው፤ ጥላ ውስጥ የኖረው ይህ የለውም። በዚያ ላይ ካክተስ ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው ሌሊት ነው፤ ቀን ቀን ውሃ እንዳያመልጠው ዘግቶ ይውላል። ሌላው ተክል በቅጠሉ ውሃ እያተነነ ሲቀዘቅዝ እሱ ማላብ አይችልም፤ የመጣውን ሙቀት ችሎ ይቆማል። ብርሃኑ ሲበዛ አረንጓዴው ቀለም ይፈርሳል፤ ከሥር የነበረው ቢጫ ይጋለጣል፤ ከባሰም ሕዋሱ ሞቶ ቅርፊት ይሆናል።

ወቅቱም ተባብሯል። ከሚያዝያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የሚያልፈው፤ እሱንም ቢሆን ክረምቱ በደመና ይሸፍነዋል። መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ወደ ደቡብ ይሻገራል፤ በዚያው ሰሞን ደመናው ይገፈፋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚያጣራልን ጨረር ትንሽ ነው። ቀቢዎቹ ሳያውቁ ከዓመቱ ውስጥ ክፉውን ሳምንት መርጠው ነው ያዞሩት።

በአሪዞና ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። እዚያ ሳጓሮ የሚባል ግዙፍ ካክተስ አለ፤ ከ12 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የመጀመሪያ ቅርንጫፉን ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዓመት ይፈጅበታል። ሲነቀል ወደ ደቡብ የሚያየው ጎኑ ምልክት ይደረግበታል፤ ሌላ ቦታ ሲተከል ያው ጎን ወደ ደቡብ እንዲሆን ነው። በዱር የቆሙት ሳጓሮዎችም ቆዳቸው ቀድሞ የሚጠቁረው በደቡብ በኩል ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ በሰሜን በኩል፤ እዚያ ፀሐይዋ ያለችው በዚያ ነውና። ናቲ ሳያውቀው የአሪዞናን ሕግ ፈጽሟል፤ ያለአግባብ የተገረፈ ብቸኛው ባለሙያ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ስናገር እማማ ብርቄ እትዬ አሰለፈችን አዩአቸው፤ እትዬ አሰለፈች ደግሞ ሰለሞንን።

“ይሁን፣ ፀሐይ ነው ብለናል” አሉ በመጨረሻ። “መድኃኒቱስ?”

“መድኃኒት የለውም እትዬ። የተቃጠለው እንዲሁ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ አይሰፋም፣ አይገድለውም። ካክተሱ በጫፉ እያደገ ሲሄድ ጠባሳው ወደ ታች የቀረ ይመስላል። በርሜሉን ወደ ነበረበት ማዞር ነው፤ ‘ሀ’ም ጥላ ስለከረመች ለጥቂት ሳምንት ስስ ነገር ማልበስ ነው። ሌላው መተው ነው።”

“መተው?”

“አዎ።”

ፊታቸው ላይ ያየሁትን ለመግለጽ ይከብደኛል። ከዚያ ሁሉ ማንኪያ፣ መሰላልና መጥረጊያ በኋላ “ተዉት” ማለት ለሳቸው ሕክምና አይደለም። “ታዲያ ምኑን አወቅከው?” አሉኝ። ሐኪም ቤት ሄዶ መርፌ ሳይወጉት፣ ክኒን ሳይሰጡት “ምንም አይደለህም፣ ሂድ ዕረፍ” የተባለ ሰው ገንዘቤን ይመልሱልኝ የሚለው ለምን እንደሆነ ያኔ ተረዳሁ። አለማከም ከሁሉ የከበደ ሕክምና ነው፤ የሚታይ ነገር የለውማ። ስለዚህ ድርድር ያዝን። ቀይ ክሩ ይፈቀዳል፤ ክር ማንንም አልጎዳም። አተላው ደርቆ ለጽጌረዳው ይሂድ። አስፕሪኑ ለትዕግሥት ይመለስ። ውሃ ግን አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ አንዲት ጠብታ አይፈስም። በውሃው ላይ ብዙ ተሟገትን፤ የኋላ ቤቱ ባል የጣሳውን ነገር እስከ መጨረሻው አልተቀበለኝም።

በርሜሉን ያዞሩት ሰለሞንና ያው ቀቢዎቹ ናቸው፤ ቅጣታቸው ነበር። ግንዱን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለን በገመድ ይዘን፣ ከሥሩ ማንም እንዳይቆም ስል በአሪዞና በፈረንጆች 1982 አንድ ሰውዬ ሳጓሮ ላይ በጠመንጃ ሲተኩስ የወደቀበት ካክተስ እንደገደለው ነገርኳቸው። ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አነሡት። “ሀ” ወደ በሩ ተመለሰች። እትዬ አሰለፈች ከሳጥናቸው ያረጀ ነጠላ አውጥተው አለበሱት፤ ጋሽ ደምሴ በነጠላው ላይ ቀይ ክሩን አሰሩ። ከመንገድ ሲታይ ረዘም ያሉ ሴትዮ በር ላይ የቆሙ ይመስል ስለነበር፣ አንድ ሁለት አላፊ አግዳሚ “እንደምን ዋሉ” ብሎ አልፏል።

ነጠላው በኅዳር አጋማሽ ተነሣ። ቢጫው በግድግዳው በኩል ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል፤ አልሰፋም። ጫፉ አድጓል። ክሩ ግን አልተፈታም፤ እትዬ አሰለፈች ለመጣ እንግዳ ሁሉ ቁልቋሉ ምን ሆኖ እንደነበርና ጋሽ ደምሴ በምን እንዳዳኑት ይተርካሉ።

ባለፈው ሳምንት ከማዶ ግቢ አንዲት ወይዘሮ ቅጠሏ የገረጣ የሎሚ ችግኝ በቆርቆሮ ይዘው መጡ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ቅጠሏን ገለበጥ አድርጌ ሳየው ቢጫው በደም ሥሮቹ መሐል ነው፤ አዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ብሷል። አፌን ከመክፈቴ “ይቅርታ ልጄ፣ ጋሽ ደምሴ የሉም እንዴ?” አሉኝ። ጋሽ ደምሴ ከጎጇቸው ወጡ፤ ክሩን ከኪሳቸው እየፈቱ።